አራተኛው ትምህርትና የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ



ዛሬ የማነሳው በየዓመቱ በፌብሯሪ በብዙ የሎንዶን ቤቶቻችን ውስጥ ሳይነገር የሚያልፍ ጉዳይ ነው። ልጅቷ ለዩኒቨርሲቲ አመልክታለች። ማመልከቻዋ ላይ ኤ ሌቭል የሚባሉ አራት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ትምህርቶች ተጽፈዋል። ከገና በኋላ የሞክ (የልምምድ) ፈተናው ውጤት ሲመጣ ከአራቱ አንዱ እንደማይሆንላት አወቀች። ልትተወው ትፈልጋለች፤ ግን ለማን ትናገር? ለዩኒቨርሲቲው ብትናገር ቦታዋን የምታጣ ይመስላታል። ለቤት ብትናገር «አራት ነው የምትወስደው» እያሉ ለዘመድ ሲናገሩላት የከረሙትን አባቷን አንገት የምታስደፋ ይመስላታል። ስለዚህ ዝም ትላለች። እኔ ስለ ትምህርቱ አልሰጋም፤ አንድ ትምህርት መተው ብዙ ጊዜ አይጎዳም፣ አንዳንዴም ብልህነት ነው። የምሰጋው ሳይጠይቁ ሲተዉትና ትተውት ሲደብቁት ነው።

ዝምታው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ወላጆች ያደግነው በማትሪክ ዓለም ነው። አገር ቤት ፈተናው ይቀድማል፣ ምደባው ይከተላል። ተማሪው ለዘርፉ የተወሰኑትን ትምህርቶች ሁሉ ይፈተናል፤ ፊዚክስ አልሆነልኝም ብሎ ፊዚክስን መተው የሚባል ነገር የለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ማለፊያውን 50 በመቶ ያገኙት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ስንሰማ የስንቶቻችን ልብ እንደተሰበረ አስታውሳለሁ። የወንድምና የእህት ልጆች ያሉት ሁሉ ያን ሰሞን ስልኩን እጁ ላይ ይዞ ነበር። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ሰው «አንዱን ትምህርት ልተው ነው» ሲባል የሚሰማው «ወደቅሁ» የሚል ቃል ነው። ልጆቻችን ግን የተቀመጡት በሌላ ሥርዓት ውስጥ ነው፤ እስቲ አሠራሩን እንየው።

እዚህ ማመልከቻው ከፈተናው ይቀድማል። ማመልከቻው የሚገባው ቼልተናም በሚገኘው ዩካስ በሚባለው የማመልከቻ ተቋም በኩል ነው፤ ተማሪው እስከ አምስት ምርጫ ይሞላል። ኦክስፎርድን፣ ኬምብሪጅን ወይም ሕክምናን የፈለገ እስከ ኦክቶበር 15 ማስገባት አለበት፤ የሌላው አብዛኛው ቀነ ገደብ ጃንዋሪ ላይ ነው። ፈተናው የሚጀምረው ሜይ ላይ ነው፣ ውጤቱ የሚነገረው ኦገስት አጋማሽ አንድ ሐሙስ ጠዋት። በኦክቶበር ያመለከተ ልጅ ውጤቱን እስኪያይ አሥር ወር ይጠብቃል ማለት ነው። በዚህ መሃል ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚወስኑት ገና ባልተገኘ ውጤት ላይ ነው፤ መምህራን «ይህን ያመጣል» ብለው በሚጽፉት ግምት።

ግምቱ ምን ያህል ይታመናል? የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሎንዶኗ ተመራማሪ ጊል ዋይነስ በ2016 ባወጡት ጥናት የተገመተላቸውን ነጥብ በትክክል ያመጡት አመልካቾች 16 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ሦስት አራተኛው ከሚያመጣው በላይ ተገምቶለት ነበር። ሌላም ነገር አለው ጥናቱ፤ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ጎበዝ ተማሪዎች ከባለጸጋ ቤት ከመጡ እኩዮቻቸው ይልቅ ዝቅ ተደርጎ የመገመት ዕድላቸው ይበልጥ ነበር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የማን ልጆች እንዳሉ አስቡት። የብሪታንያ መንግሥት በ2021 ምደባው ከውጤት በኋላ እንዲሆን ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ጠይቆ ነበር፤ በ2022 ዕቅዱን ተወው። ለልጆቻችን ሲባል ባይተወው ደስ ይለኝ ነበር። ሥርዓቱ እስካልተለወጠ ድረስ ግን አካሄዱን ማወቅ ግድ ይለናል። ዩኒቨርሲቲዎችም ግምት ግምት እንደሆነ ያውቃሉ። ለዚህ ነው የሚሰጡት ኦፈር አብዛኛውን ጊዜ ቅድመ ሁኔታ ያለበት፤ ይህን ይህን ካመጣህ ቦታው ያንተ ነው የሚል። በነዚህ ወራት ውስጥ ተማሪ ሐሳቡን እንደሚለውጥ፣ ትምህርት እንደሚተው ለምደውታል። አዲስ ነገር የሚሆነው ለእኛ እንጂ ለነሱ አይደለም።

የቀድሞ ተማሪዎች ምክር ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችሁ ከዛሬ አሥራ ሁለትና አሥራ አምስት ዓመት በፊት እዚህ የተማሩ የአክስትና የአጎት ልጆች አሏችሁ። «እኛም በአራት ጀምረን በሦስት ነው የጨረስነው፣ አራተኛው ኤ ኤስ ሆኖ ይቀርልሻል» ይላሉ። በነሱ ጊዜ ልክ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ፈተና ኤ ኤስ ይባል ነበር፣ የኤ ሌቭሉም ግማሽ ነበር። በእንግሊዝ ከሴፕቴምበር 2015 ጀምሮ ግን ኤ ኤስ ከኤ ሌቭል ተነጠለ፤ የሁለት ዓመቱ ትምህርት ሁሉ መጨረሻ ላይ ይፈተናል። ዛሬ አንድ ልጅ ዓመት ከመንፈቅ የተማረውን ትምህርት ሲተው፣ ትምህርት ቤቱ ለኤ ኤስ ካላስፈተነው በቀር፣ በወረቀት የሚቀርለት ነገር የለም። ይህ ማለት አይተው ማለት አይደለም። የሚተወው ምን እንደሆነ አውቆ ይተው ማለት ነው።

ደግሞም ሸክሙን አሳንሰን አንየው። ሒሳብ ሦስት ወረቀት ነው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት። ኬሚስትሪም ባዮሎጂም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ሦስት ሦስት ወረቀት ናቸው። አራት እንዲህ ያሉ ትምህርቶች የያዘ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በሜይና በጁን አሥራ ሁለት ጊዜ ፈተና አዳራሽ ይገባል። በሌላ በኩል ከዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ሦስት ኤ ሌቭል ነው፤ ሕክምናም ጭምር። ሦስቱን በኤ ማምጣት የሚችል ልጅ ለአራተኛው ሲል ሦስቱንም ወደ ቢ ካወረደ፣ አራተኛው ያስከፈለው ዋጋ ቦታውን ነው።

እንግዲህ ወደ ኦፈሩ እንምጣ። ሁሉ ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እባካችሁ ልጆቼ፣ «ኦፈር መጣልኝ» ብላችሁ ደስ ስትሰኙ ደስታው ካለፈ በኋላ ተቀመጡና ቃል በቃል አንብቡት፤ ወላጆችም አብራችሁ አንብቡ።

አንዱ ኦፈር «በሦስት ኤ ሌቭል ኤ፣ ኤ፣ ቢ፤ ከነዚህም ኬሚስትሪ ኤ» ሊል ይችላል። ኬሚስትሪ ያላት ልጅ ከቀሩት ሦስት ትምህርቶቿ አንዱን ብትተው በጽሑፉ መሠረት ምንም አልጎደለባትም፤ ማስታወቅ ብቻ ይቀራታል። ሌላው ኦፈር ግን ትምህርቶቹን በስም ይዘረዝራል፤ ሒሳብ ኤ፣ ፊዚክስ ኤ፣ ኢኮኖሚክስ ቢ ይላል። እዚህ የተጠራውን ትምህርት መተው የቅድመ ሁኔታውን አንድ እግር መቁረጥ ነው። አራቱንም በስም የጠራ ኦፈር ካለ አራቱም ይፈለጋሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ካልለወጠው በቀር። በተለይ ተጨማሪ ሒሳብ፣ ፈርዘር ማትስ የምንለውን፣ ለመተው የምታስቡ ተጠንቀቁ። አራተኛ ሆኖ የሚያዘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ የሚከብደውም እሱ ነው። ኬምብሪጅ ሒሳብ ለማጥናት ግን ያለ እሱ አይገባም፤ አንዳንድ ሌሎች የሒሳብ ክፍሎችም ይጠይቁታል። ለኢንጂነሪንግ ወይም ለኢኮኖሚክስ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። «ጓደኛዬ ትቶት ምንም አልሆነም» የሚለው መልስ ለጓደኛችሁ ዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚሠራ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት በነጥብ የሚሰጠው ነው፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ዩካስ ለእያንዳንዱ ውጤት ነጥብ አለው፤ ኤ ስታር 56፣ ኤ 48፣ ቢ 40፣ ሲ 32፣ ዲ 24፣ ኢ 16። አንዲት ልጅ 120 ነጥብ አምጪ ተባለች እንበል። ይህ ሦስት ቢ ማለት ነው። በአራቱም ትምህርት ሲ ብታመጣ 128 ነጥብ ይሆንላታል፤ ከተጠየቀችው በላይ ማለት ነው። አንዱን ትታ በሦስቱ ሲ ብታመጣ ግን 96 ነው፣ 24 ነጥብ ይጎድላታል። ስለዚህ ጥያቄው «አራተኛውን ብተው ይቀለኛል ወይ?» አይደለም፤ መቅለሉማ ይቀላታል። ጥያቄው የተረፈው ጊዜ ሦስቱንም ከሲ ወደ ቢ ያነሣቸዋል ወይ የሚል ነው። ይህን ለመመለስ የሞኩን ውጤት ከመምህሯ ጋር ቁጭ ብላ ማየት አለባት። ደግሞም አንዳንዱ የነጥብ ኦፈር «ከሦስት ኤ ሌቭል» የሚል ቃል ይጨምራል። ያ ቃል ካለ አራተኛው ነጥብ ከመጀመሪያውም አልተቆጠረላትም፣ ብትተወውም ስሌቷ አይነካም። ጥቂት ቃላት ናቸው፤ ግን መልሱን ሙሉ በሙሉ ይገለብጡታል።

ኢ ፒ ኪው የሚባለውን የምርምር ጽሑፍ የያዛችሁም አትርሱት። ትንሽ ስለሚመስል መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በሱ ጥሩ ውጤት ላመጣ ልጅ ከኤ ሌቭሉ አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርጉለታል። እንዲህ ያለ ሁለተኛ አማራጭ ደብዳቤያችሁ ውስጥ ካለ፣ ኢ ፒ ኪውን መተው ያንን በር መዝጋት ነው።

ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከካርቱም ዞረው እዚህ ለደረሱ ቤተሰቦች አንድ ነገር አለኝ። ልጆቻችሁ ዓረብኛ ስለሚያውቁ ብዙዎቹ ዓረብኛን በኤ ሌቭል ይፈተናሉ፤ ደግም ያደርጋሉ። አማርኛም ትግርኛም በኤ ሌቭል ስለማይሰጡ ልጆቻችን በቋንቋ ዕውቀታቸው የሚያስመሰክሩበት ሌላ ቦታ የላቸውም። ነገር ግን አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ልጁ እየተናገረው ያደገበትን ቋንቋ ከሦስቱ እንደ አንዱ አይቆጥሩም። ዓረብኛን አራተኛ አድርጋ የያዘች ልጅ «ዓረብኛው አለኝና ፊዚክስን ልተው» ካለች፣ በዩኒቨርሲቲው ዓይን የቀሯት ሁለት ትምህርቶች ሊሆኑ ይችላሉ። አስቀድማ ትጠይቅ።

አሁን ወደ ዝምታው ልመለስ። ማመልከቻው ሲላክ ተማሪው የጻፍኩት ሙሉና እውነት ነው ብሎ አረጋግጧል። አራት እማራለሁ ያለ ልጅ ሦስት እየተማረ ዝም ቢል ዩኒቨርሲቲው የወሰነው በሌለ ነገር ላይ ነው፤ ኦፈሩን ለመሰረዝም ምክንያት ያገኛል። ዩኒቨርሲቲዎች ውጤቱን ከተማሪው አፍ አይጠብቁም፤ ከፈተና ሰጪዎቹ በዩካስ በኩል በቀጥታ ይደርሳቸዋል። አራት ሲጠብቁ ሦስት ከመጣ የሚጣራ ነገር አለ ማለት ነው፣ የልጁ ቦታ ሳይረጋገጥ ሊቆይ ይችላል። ያ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ እያንዳንዷ ሰዓት ዋጋ ያላት ቀን ናት፤ ክሊሪንግ በሚባለው የመጨረሻ ድልድል የቀሩት ቦታዎች ዓይናችሁ እያየ ያልቃሉ። ስድስት ወር ቀደም ብሎ በአንድ አጭር ኢሜይል ያልቅ የነበረ ጉዳይ ያን ቀን በስልክ ወረፋ ላይ ሊያቆያችሁ አይገባም።

አካሄዱ ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። በመጀመሪያ ልጁ የትምህርቱን መምህርና የሲክስዝ ፎርሙን (የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት) ኃላፊ ያነጋግር። ትምህርት ቤቱ ስሙን ከመሰረዙ በፊት፣ ልጁ ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ክፍል ይጻፍ። ኦፈር ከመጣለትም ካልመጣለትም ይጻፍ፤ ፈርምና ኢንሹራንስ (የመጀመሪያና የመጠባበቂያ ቦታ) መርጦ ከሆነ ለሁለቱም ይጻፍ። ስሙን፣ አሥር አሃዝ ያለውን የዩካስ መለያ ቁጥሩን፣ የሚያመለክትበትን የትምህርት ክፍል ያስቀምጥ። ከዚያ «በማመልከቻዬ ላይ ከተጻፉት አራት ኤ ሌቭሎች ፊዚክስን ትቼ በሒሳብ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ላይ ለማተኮር እያሰብኩ ነው፤ ይህን ባደርግ ማመልከቻዬ ወይም ኦፈሬ ይለወጣል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ረጅም ምክንያት አያስፈልግም። በደንብ አስተውሉ፤ ጥያቄው «ባደርግ» የሚል ነው፣ ገና አላደረገም። መልሱ አይሆንም ከሆነ ምንም አላጣም፣ ትምህርቱን ይቀጥላል። ይሁን ካሉት መልሱን በጽሑፍ ይያዝ፤ በስልክ የተባለ ነገር ኦገስት ላይ ማስረጃ አይሆንም። የኦፈሩ ቃል የሚለወጥ ከሆነም ዩካስ ላይ ተለውጦ እስኪያየው ድረስ ይከታተል። ዩካስንም ያሳውቅ፤ ማመልከቻው ከተላከ በኋላ ተማሪው ራሱ ገብቶ የትምህርቶቹን ዝርዝር ማስተካከል አይችልም።

እናቶች፣ አባቶች፤ እኛው ደውለን እንጨርስላቸው እንዳትሉ። ዩኒቨርሲቲው ስለ አመልካቹ ለሌላ ሰው አይናገርም። ልጁ ማመልከቻውን ሲሞላ ስማችሁን ወኪል አድርጎ አስገብቶ ከሆነ ብቻ ያነጋግሯችኋል። ይህ እናንተን መናቅ አይደለም፤ ሕጉ የማመልከቻውን መረጃ የልጁ የራሱ አድርጎ ስለሚያይ ነው። የእናንተ ድርሻ ሲጽፍ አጠገቡ መቀመጥ ነው።

ቀኑን ልብ በሉ። ለበጋው ፈተና ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቻቸውን ስም ለፈተና ሰጪዎቹ የሚያስገቡበት የመጨረሻ ቀን ፌብሯሪ 21 ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለራሳቸው ከዚያ ቀደም ያለ ቀን ያስቀምጣሉ፤ ሳትዘገዩ ሰኞ ጠዋት ጠይቁ። ስሙ ከገባ በኋላ ዝም ብሎ መቅረት ሌላ መዘዝ አለው፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ያልተፈተነውን ልጅ የፈተናውን ክፍያ ያስከፍሉታል። ታሪክ፣ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ፣ ጂኦግራፊ ወይም ኮምፒዩተር ሳይንስ የያዛችሁ ደግሞ የቤት ሥራ ጽሑፋችሁ ወይም ፕሮጀክታችሁ ከጠቅላላው ነጥብ 20 በመቶ እንደሚይዝ አስቡ። እሱን ጨርሳችሁ ከሆነ፣ አምስተኛውን እጅ ሠርታችሁታልና ከሌላው በፊት ያንን ትምህርት አትጣሉ።

እስካሁን የተናገርኩት ከአራት ወደ ሦስት ስለመውረድ ነው። ከሦስት ወደ ሁለት መውረድ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በቀላሉ አልናገረውም። ሦስት የሚጠይቅ ኦፈር በሁለት አይሞላም። በተጨማሪም ብዙ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ኤ ሌቭል በሳምንት አራት ወይም አምስት ሰዓት ነው የሚመድቡት። መንግሥት ለልጅ የሚከፍለው ቻይልድ ቤኔፊት ደግሞ የሚቀጥለው ልጁ በሳምንት በአማካይ ከ12 ሰዓት በላይ ሲማር ነው፤ በሁለት ትምህርት ብቻ ያ ሰዓት ላይሞላ ይችላል። ያ ገንዘብ እየተደመረ የቤት ኪራይ ለሚከፈልባቸው ቤቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ደረጃ የደረሰ ልጅ ካለ በራሱ አይወስን። ትምህርት ቤቱ ሌላ ኮርስ ሊተካለት፣ ፋውንዴሽን (የመሰናዶ) ዓመት ያለው ክፍል ሊፈለግለት፣ ወይም ሦስተኛውን ለዝቅተኛ ውጤትም ቢሆን እንዲፈተን ሊመከር ይችላል። ኤ ሌቭል በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበጋ ብቻ ስለሚሰጥ ዛሬ የተተወውን መልሶ መፈተን የሚቻለው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ለወላጆች ልመና አለኝ። ዛሬ ማታ ልጃችሁን «አራቱም እንዴት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከጠየቃችሁ በኋላም መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ። «የሰው ልጅ ይዞ የእኔ ልጅ ለምን ያቅተዋል» የሚለውን ቃል ለዛሬ አቆዩት። ከልጃችሁ ጋር የምታነጻጽሩት ያ የሰው ልጅም እንደ ልጃችሁ የሚደብቀው ነገር ሊኖረው ይችላል። ሌሊት ሠርታችሁ ቀን ተኝታችሁ ያሳደጋችኋቸው ልጆች ድካማችሁን ያውቁታል፤ የሚደብቁትም ያን ድካም ከንቱ አደረግን ብለው ስለሚፈሩ ነው። ሦስት ይዞ ሐኪም መሆን እንደሚቻል ከእናንተ አፍ ሲሰሙ መልሱን ያወጡታል።

ከኋላ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገቡ አራት ልጆቻችን ተቀምጠዋል፤ እኔም ከነሱ ጋር እሆናለሁ። ኦፈር የመጣላችሁ ስልካችሁ ላይ ዩካስን ክፈቱና የቅድመ ሁኔታውን ቃል ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን። መጻፍ ያለበት ኢሜይል ካለም እዚሁ ጽፈን ሰኞ ይላካል። ኦፈር ያልመጣላችሁም ኑ፤ የማመልከቻችሁን ቅጂ ከያዛችሁ ይበቃል።